የቡርቃን ዛፎች የቀባን ዕለት

ነቀምቴ ውስጥ የደን ስብሰባ ሲጠራ በጓሮ በር ሹልክ ብላ የምትወጣ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። የማያውቀኝ ሰው ዛፍ የምጠላ ይመስለዋል። የሚያውቁኝ ደግሞ «ትግስት እኮ ድሮ ማይክ ከያዘች አምላክ ነው የሚያስለቅቃት» እያሉ ይገረማሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማይክ እወድ ነበር። ለምን እንደተውኩት ለሰው አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ፤ ከሰማችሁኝ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ያኔ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ጨለለቂ ሰፈር እናቴ ቤት ተጎልቼ የከረምኩ ልጅ ነበርኩ። አያቴ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ስትናደድ ጎጃሜነቷ ይመጣባታል። እኔ ግን ኦሮምኛን ከአማርኛ እኩል፣ ሰፈር ውስጥ ገመድ እየዘለልኩ ነው የተማርኩት። ሥራም ያገኘሁት በምላሴ ነው። ስለ ደን ጥበቃ ሕዝብ የሚያስተምር አንድ ማኅበር በሁለቱም ቋንቋ ሳትደናቀፍ የምትናገር ሴት ሲፈልግ እኔ ተገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ቲሸርትና ኮፍያ ታቅፌ ስገባ እናቴ አይታኝ «አንቺ ልጅ፣ ዛፍ አትቁረጡ ብለሽ ለመጮህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽ? ይኸንንማ እኔም በነጻ እጮኸው ነበር» አለችኝ።

ጮህኩም። ከአኖ እስከ አርጆ ያልጮህኩበት የገበያ ሜዳ የለም። ድራማም ነበረን። በድራማው ውስጥ ዛፏ እኔ ነበርኩ፤ አረንጓዴ ሻሽ ጠምጥሜ፣ እጆቼን ዘርግቼ እቆማለሁ፣ አንዱ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፣ እኔ እያለቀስኩ እወድቃለሁ። ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል። አኖ ላይ አንዲት እናት «ይቺን የመሰለች ዛፍ ማን ጨካኝ ይቆርጣታል? ለልጄ እድራት ነበር» ብለው ገበያውን አስቀውብኛል። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ሰው ሲስቅ የገባው ይመስለኝ ነበር።

አርጆ ከተማን አለፍ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚያቆምበት ወርዳችሁ በእግር የምትሄዱበት ቁልቁለት ላይ አንድ ጫካ ነበር። ሰዉ ቡርቃ ይለዋል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው፤ ጫካው ስሙን ያገኘው ከሥሩ ከሚፈልቀው ውሃ ነው። ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዋንዛው ጥቅጥቅ ብሎ ከመንገድ ስትገቡ ቀኑ የመሸ ይመስላችኋል። የአካባቢው ሰው የሚቀዳው ከዚያ ነው፣ ከብቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ጠባቂው ኦቦ ገመዳ ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፣ ጠመንጃ የላቸውም፣ የሾማቸውም የለም። አባታቸው ይጠብቁት ነበር፣ እሳቸው ተረከቡ፤ በቃ። ሕጉም ቀላል ነው። ደረቅ እንጨት የፈለገ ይለቅማል። እርጥብ ለመቁረጥ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ከምንጩ በላይ ያለው ትልቁ ዝግባ ሥር ይቀመጣል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይመጣል፣ ችግሩን ይናገራል፣ ይመካከራሉ፣ አንድ ዛፍ ይሰጠዋል። ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም እዚያ እኩል ነው የሚቀመጠው። ሳይቀመጡ ቡርቃ ውስጥ ቅርንጫፍ አይነካም።

ኦቦ ገመዳን ድምፅ ማጉያዬ አላስደነቃቸውም። መጀመሪያ ቀን ጎረቤቱን ሰብስቤ ስጮህ ቆይተው «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ዛፎቹ ደንቆሮ አይደሉም፣ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።» ከዚያ ወዲህ ያለ እሳቸው ቤት አርጆ ሄጄ አላውቅም። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ጭኮ በቅቤ አሽተው ካላበሉኝ አይለቁኝም ነበር። አባቴ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው፤ የአባት ወግ ያየሁት እዚያ ቤት ነው ብል አላጋነንኩም። የተነጋገርነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

አንድ አርብ ጠዋት የማኅበሩ አስተባባሪ ታሪኩ ከነቀምቴ በመኪና መጣ። ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ቡርቃን ሊጎበኙ ነው፤ «ሞዴል ደን» ተብሎ ተመርጧል። መኪናው ውስጥ ብሩሾችና ቀለም አሉ። እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ቁጥር ይጻፍበታል አለ፤ ቁጥር ያለውን ዛፍ ማንም አይነካውም፣ ቢቆረጥ ወዲያው ይታወቃል። ሐሳቡ እኔንም ደስ አለኝ። ክዳኑን ስከፍት ቀይ ነው።

«ለምን ቀይ?» አልኩት።

«ፎቶ ላይ ይደምቃል» አለኝ።

ለኦቦ ገመዳ ነገርናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙንና «ቀለሙ ዛፉን አያመውም?» ብለው ጠየቁ። አያመውም አልኳቸው። «ጥሩ ነው። እሁድ ከጸሎት መልስ ጎረቤቱ ይቀመጣል፣ ንገሩት። ሰኞ ትቀባላችሁ።»

ታሪኩ ሰዓቱን አየና በእኔ አስተርጓሚነት መለሰላቸው። «አባባ፣ ሰኞ ጠዋት እንግዶቹ እዚህ ናቸው። እኛ እኮ ልንቆርጥ አልመጣንም፣ ልንጠብቅ ነው። ለመልካም ነገር ምን መቀመጥ ያስፈልገዋል?»

«መልካም ከሆነ እስከ እሁድ አይበላሽም» አሉ ኦቦ ገመዳ።

ታሪኩ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰማሉ።» ነገርኳቸው። እንግዶቹ ደስ ካላቸው ለምንጩ አጥር ይሠራል፣ ችግኝ ይመጣል፣ እሁድ ደግሞ እኔ ራሴ ቆሜ ለጎረቤቱ አስረዳለሁ አልኳቸው። ወደ ዛፎቹ አዩ። ከዚያ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ።

ከሰዓት በፊት ጀምረን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀባን። ታሪኩ ለኦቦ ገመዳ የማኅበሩን ኮፍያ አደረገላቸውና ትልቁ ዝግባ አጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሳቸው። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ቀይ በቀይ የሆነውን ግንድ አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀድተው ሄዱ። ሌላ ጊዜ «አካም ጅርታ ትጌ?» እንዴት ነሽ ብለው ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ነቀምቴ ዝናብ ሁሉ ሳይጠይቁኝ አያልፉም ነበር። የዚያን ዕለት ሰላምታቸው አጠረ። እህል ለማስፈጨት ቸኩለው ነው ብዬ አሰብኩ።

ታሪኩ ወደ ነቀምቴ ተመለሰ፤ እኔ እሁድን ለመጠበቅ አርጆ አልጋ ይዤ አደርኩ። በማግስቱ ገበያ ነበር። ጠዋት ለአዴ ወርቄ ስኳር ልገዛ ወጥቼ በቅቤ ተራ ሳልፍ፣ ቅል ፊቷ ያስቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ ስትነግራት ሰማኋት።

«ቡርቃ ተሸጠ አሉ።»

«ኧረ! ማን ሸጠው?»

«ገመዳ ነዋ። ኮፍያ ሰጡት፣ ፎቶ አነሱት። ዛፉ ሁሉ ቀይ ተቀብቷል። እህቴ በዓይኗ ነው ያየችው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ቀይ ቀለም ማለት አለቀ ማለት ነው። መንገድ ሲሰፋ የሚፈርሰው ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ይቀባል። የእናቴ ቤት በረንዳ የፈረሰው እንዲያ ነው፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳችን ላይ ቀይ ምልክት አየሁ፣ በሳምንቱ በረንዳው የለም። አርጆ አካባቢ ደግሞ ከዚያ በፊት የመንግሥት ጥድ ነበር፤ ሕዝቡ በዘመቻ ተክሎ፣ አርሞ ያሳደገው። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ግንዱን ቀይ ቀቡት። ሰዉ ምንድነው ሲል «ቆጠራ ነው» ተባለ። ከዚያ መኪና መጥቶ ጭኖት ሄደ። ለማገዶ እንኳ ጭራሮ ያገኘ የለም። ይኼን ሁሉ የአርጆ ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ብሩሽ ይዤ ስቆም ግን ትዝ አላለኝም።

ለታሪኩ ደወልኩ። ሠርግ ቤት ነበር፤ ዘፈኑ ጆሮዬን ሊበሳው ደረሰ። «ወሬ ነው ትግስት፣ አትጨነቂ። ሰኞ ሁሉንም እናስረዳለን» አለኝ። እስከ ሰኞ አይቆይም፣ አሁን ና አልኩት። «ሙሽሮቹ እየገቡ ነው» ብሎ ዘጋው። ደሜ ፈላ። ድምፅ ማጉያዬን ከአልጋ ቤቱ ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ባጃጁ ካወረደኝ ቦታ ጀምሮ ይሰማል። መጥረቢያው ብቻ ቢሆን ባልደነገጥኩ፤ አንዱ የሞተር መጋዝ ተከራይቶ አምጥቷል። ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ስወርድ አንድ ትልቅ ነገር ተሰነጠቀ፣ ከዚያ መሬቱ በእግሬ ሥር ነቀነቀኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ድራማው ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ዛፍ ሲወድቅ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ገመዳ መግቢያው ላይ ቆመዋል። ኮፍያውን አውልቀው በእጃቸው ጨብጠውታል። አዴ ወርቄ ክንዳቸውን ይዘዋል። ሰዉ በቡድን በቡድን እየሆነ ይመጣል፤ ባል መጥረቢያ፣ ሚስት ገመድ ይዘዋል። ከሁሉ የቆጠቆጠኝን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ሰላም ይሏቸው ነበር። መጥረቢያቸውን ከትከሻ አውርደው፣ ጎንበስ ብለው «አካም ቡልተኒ ኦቦ ገመዳ» እንዴት አደሩ ይላሉ። ኦቦ ገመዳም «ነጋ»፣ ሰላም ነው ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ አልፈው ገብተው ይቆርጣሉ።

ቶለራ መጣ። ቶለራ ከኦቦ ገመዳ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር፣ ልጆቹን እሳቸው የመረቁለት፣ የታመመ ጊዜ በቃሬዛ አርጆ ያደረሱት ሰው ነው። እሱን ሳይ ተስፋ አደረግኩ። መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ቶለራ፣ ውሸት ነው! ማንም አልሸጠውም። ቀለሙ እንዳይቆረጥ የተደረገ ነው።»

«እንዳይቆረጥ?» አለኝ። ቁጣ የለበትም ድምፁ፤ እንደደከመው ሰው ነው የሚያወራው። «ትጌ፣ አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ለአንቺም የነገሩሽ እንዲያ ይሆናል። ጥዱን ሲቀቡም ለእኛ ቆጠራ ነው አሉን።»

«እኔ ነኝ የቀባሁት! በእጄ!»

«አየሁሽ። መልካም ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን ሳትነግሩን? ለምን ሳንቀመጥ?»

ወደ ኦቦ ገመዳ ዞረ። «ኦቦ ገመዳ፣ እርስዎ ሸጡት አልልም። አታለሏቸው ነው የምለው። ሰኞ መኪና ይመጣል አሉ። እንግዳ ይጭነዋል፣ እኛ ቆመን እናያለን። ልጄ ዘንድሮ ጎጆ ይወጣል፣ ምሰሶ የለውም። ከእኛ አንዱ ቢወስደው አይሻልም?»

ኦቦ ገመዳ «መኪና አይመጣም ቶለራ» አሉት።

«ጥዱን የወሰዱትም እንደዚሁ ምለውልኛል» አለና አለፋቸው። ሰላም ብሏቸው ነው ያለፈው።

ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ቡርቃ አልተሸጠም፣ ቁጥሩ የጥበቃ ነው፣ እባካችሁ አቁሙ፣ ለዋቃዮ፣ ለፈጣሪ ብላችሁ አቁሙ! የሞተር መጋዙ ድምፅ ይውጠኛል። አንዲት አሮጊት ቅርንጫፍ እየሰበሰቡ ቀና ብለው አይተውኝ ለልጃቸው «ጥዱ ጊዜም ይቺን ነገር ይዘው ነበር የመጡት» አሏት። ድምፅ ማጉያዋን ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ባልጮህ ይሻል ነበር፤ በጮህኩ ቁጥር ጥርጣሬአቸውን አጠነከርኩት መሰለኝ፣ ያልጀመሩትም ጀመሩ።

ያበድኩ መሰለኝ። ከአዴ ወርቄ ቤት ናፍጣና ጨርቅ ይዤ ሮጥኩና ገና ያልተነካ ጥቁር እንጨት ላይ ቀለሙን መፋቅ ያዝኩ። ቀለሙ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቷል፤ እጄ ብቻ ቀላ። ቶለራ አጠገቤ ካለው ዛፍ ላይ መጥረቢያውን አቁሞ ያየኝ ነበር። አዘነልኝ። «ተይው እህቴ። እሱን ብትፍቂው እኛ ያየነውን አትፍቂውም» አለኝ። ምድር ዋጪኝ አልኩ።

ተሳዳቢ ቢሆኑ፣ ሰካራም ቢሆኑ፣ እንጨት ነጋዴ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እነዚያ ጨካኞች ብዬ እገላገል ነበር። ግን የማውቃቸው ናቸው። በልቼ ያደርኩበት ቤት ሰዎች ናቸው። አንዷ እያለቀሰች ነበር የምትሸከመው። ባሏ «ዝም በይ፣ ለሌላ ከሚሆን ለእኛ ይሁን» ይላታል። ጫካቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው እኮ ጫካቸውን የቆረጡት! ባይወዱትማ ኖሮ እስከ ሰኞ ይተዉት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡርቃ የለም። ዛፎቹ ከልለውት አይቼው የማላውቀውን የማዶውን ተራራ አየሁት። ትልቁ ዝግባ ብቻ ቀረ፤ ኦቦ ገመዳ ከቀትር በኋላ ሄደው ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠው ነበርና ተነሱልን የሚል ደፋር አልተገኘም።

እሁድ ታሪኩ መጣ። የሠርጉ ሙሉ ልብስ ሱሪ ነበር የለበሰው። ጎረቤቱ ከጸሎት ሲመለስ በልማዱ ዝግባው ሥር ተቀመጠ፤ ጥላው እንኳ ለሁሉም አልበቃም፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ፀሐይ መታቸው። ታሪኩ እንግዶቹ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወሰዱ፣ መኪና እንደማይመጣ፣ ገዢ የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ ቁጥሩ ምን እንደነበር ተናገረ። እኔ አስተረጎምኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥርት ያለ ኦሮምኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ምን ያደርጋል። መኪና እንደማይመጣ ከታሪኩ አፍ ሲሰሙ ነው ያመኑኝ።

ቶለራ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። አሮጊቷ መሬቱን በጣታቸው ይጭራሉ። ሁሉም ኦቦ ገመዳ እንዲሰድቧቸው ይጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቧቸው ይቀላቸው ነበር። እሳቸው ግን «በሰላም ግቡ» ብቻ አሉ። ሰዉ ተነሳ። ማንም እጃቸውን አልጨበጠም፣ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ሰላም ያሏቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ ሰላም ሊሏቸው አልቻሉም።

ታሪኩ አብሬው እንድመለስ ለመነኝ። እንቢ አልኩት። እነ አዴ ወርቄ ቤት አደርኩ። ሲነጋ በራፉ ላይ ያለው መንገድ ጭር ብሏል፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች በኦቦ ገመዳ ደጅ ላለማለፍ በላይኛው ዳገት ዞረው ሲወርዱ በአጥር ቀዳዳ አየን። ቶለራ የእነሱን ደጅ ላለማየት አጥሩ ላይ እሾህ እየጨመረ ነበር። ኦቦ ገመዳ ቆመው ይህን ሁሉ አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ።

አዴ ወርቄ ገና ሲያዩአቸው ገባቸው። «አያ ገመዳ፣ እሷንስ ተዋት» አሉ።

ተከትያቸው ሮጥኩ። ዝግባው ሥር ደርሰው ጋቢያቸውን አውልቀው በሥርዓት አጥፈው አስቀመጡ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አባ፣ ይቺ እኮ ነች የቀረችው! ጥላ ካጣ ምንጩስ ምን ይሆናል?»

«ተነሺ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ይቺ ዛፍ እስከቆመች ድረስ እኔ ንጹሕ ነኝ፣ እነሱ ሌባ ናቸው። ቶለራ ገበያ በሄደ ቁጥር ያያታል። እሷን አይቶ እኔን ማየት አይችልም። ዘንድሮ አይችልም፣ ለከርሞም አይችልም።»

«እሱ ይፈር እንጂ! የሠራው እሱ ነው!»

«ስሞት የሚሸከመኝ እሱ ነው» አሉኝ። «ዝግባ አይሸከመኝም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብታገላቸው መጥረቢያውን መንጠቅ እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ አንድ ጊዜ ፈቃዳቸውን ተጋፍቼ ዛፎቹን ቀብቼ ምን እንደመጣ አይቼአለሁ። ለቀቅኳቸው። «ቶለራ! ኧረ ቶለራ!» ብለው ወደ አጥሩ ተጣሩ። «ና፣ አቅም አነሰኝ፣ አግዘኝ!»

ቶለራ መጣ። ዝግባውን አየ፣ መጥረቢያውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ጮኾ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ገመዳ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና መጥረቢያውን ሰጡት። ድምፁን ሰምቶ ሌላውም ወጣ። በየተራ መቱት፤ ዝግባው ወፍራም ነበር፣ ፀሐይ ከአናት እስክትወጣ ድረስ አልወደቀም። ከወደቀ በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው የኦቦ ገመዳን እጅ ሳሙ። ተቀመጡ። ተከፋፈሉ። ለኦቦ ገመዳም ድርሻቸውን ሰጧቸው፤ እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ተሸክመው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ለቀቅኩ። ታሪኩ ሌላ ቦታ ላይ አድጎ ይሠራል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ያ የአርጆው ነገር ያሳዝናል» ይለኛል። እኔ ነቀምቴ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቼ እኖራለሁ። እናቴ እንኳ ስለ ማይኩ ማሾፍ ትታለች።

አንባቢዎቼ፣ «ይቅር ተባባሉ፣ ፍቅር አሸነፈ» ብላችሁ ልታጽናኑኝ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ብዙ ሰው እንዲያ ይለኛል። እኔ ግን አልተጽናናሁም። ኦቦ ገመዳን እወዳቸዋለሁ፤ ያን ዝግባ ስለቆረጡት ግን እስከ ዛሬ ተናድጄባቸዋለሁ። እሳቸው ሰውን ለማዳን ከፈሉ፤ የከፈሉት ግን የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ደግሞ ወዲያው ራሴን እጠይቃለሁ፦ ለጎረቤት ሦስት ቃል ለመናገር እሁድን መጠበቅ ያቃተን እኛ፣ እሳቸው ላይ የምንፈርድ ማን ነን? እናንተ መንደር ሄዳችሁ የምታስተምሩ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ ተቀመጡ። የምታመጡት ነገር መልካም ስለሆነ ብቻ የሄዳችሁበት መንደር ሰው የሚያምናችሁ አይምሰላችሁ። ከእናንተ በፊት የመጣው ሁሉ መልካም ነገር ይዤ ነው የመጣሁት እያለ ነው የመጣው።

ባለፈው በጋ መንገዱ ሰላም ሲሆን አርጆ ሄጄ ነበር። ኦቦ ገመዳ በጣም አርጅተዋል፤ ቶለራ አጠገባቸው ተቀምጦ እያሳቃቸው ነበር። የልጁ ቤት አምሮ ቆሟል። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ተነስተው አቀፉኝ፣ እልልታ ቀረሽ አቀባበል ነበር። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ውሃ ጠየቅኩ። አዴ ወርቄ ጓዳ ገብተው ቆዩ። ጄሪካን ሲያጋድሉ ሰማሁ፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ግማሽ ብርጭቆ ነበር። ለምን ግማሽ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ወንዶቹ ይስቃሉ። እኔ ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት።